ቤታ ዓሣን ደሴ ላይ ማራባት፦ ጫጩቶቹ በሳምንቱ እንዳያልቁ

«ሴቷ እንቁላል ጥላ ነበር፤ ጫጩቶቹም ተፈለፈሉ። በሳምንቱ ግን አንድም አልተረፈም። ምን አጠፋሁ?»

ይህን ጥያቄ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም እጠየቃለሁ። ጠያቂው ይለወጣል እንጂ ጥያቄው አይለወጥም፤ መልሴም እንደዚያው ነው። ወይ ጫጩቶቹ የሚበሉት አጥተዋል፣ ወይ ሌሊት ውሃው በርዶባቸዋል። ብዙ ሰው ፋይተር የሚለውን ቤታን፣ ማለትም የሲያም ተዋጊ ዓሣን፣ እንቁላል ማስጣል አያስቸግርም። ወንዱ ራሱ የአረፋ ጎጆ ይሠራል፤ እንቁላሉን በአፉ ለቅሞ ጎጆው ውስጥ ያስቀምጣል፤ እስኪፈለፈል ይጠብቃል። የሚከብደው ወንዱ ሥራውን ጨርሶ ተራው የእናንተ ሲሆን ነው። ስለዚህ መመሪያውን የምጀምረው ከጫጩቱ ምግብ ነው፤ ጥንዱን ማገናኘት በኋላ ይደርሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ቁጠሩ። ጤነኛ ሴት በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 300 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። ከእነዚህ 40 ወንዶች ቢያድጉ፣ ሁለት ወንድ በአንድ ዕቃ አይኖርምና 40 ማሰሮ ያስፈልጋችኋል። ቦታውና ጊዜው ከሌላችሁ አሁኑኑ ተዉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 60 በ30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት አኳሪየም፣ ከነክዳኑ
- ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ማሞቂያ፦ ለኮምቦልቻ 50 ዋት፣ ለደሴ 75 ወይም 100 ዋት
- ቴርሞሜትር፤ የማሞቂያው ቁጥር ብቻውን አይታመንም
- አነስተኛ የአየር ፓምፕ፣ የአየሩን ኃይል የሚቀንስ መቆጣጠሪያና የስፖንጅ ማጣሪያ
- የፋኖስ መስታወት፣ ወይም አፉና ታችው የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ
- ለሁለት የተሰነጠቀ የፎም ኩባያ
- ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀ የሙዝ ቅጠል
- ሴቷ የምትሸሸግበት የውሃ ተክል ወይም የተገለበጠ የሸክላ ስባሪ
- ነጭ የማሸጊያ ፎም፤ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ይበቃል
- ስስ ላስቲክ፣ ቀጭን የአየር ቱቦ፣ ንጹሕ ሻሽ፣ ባልዲ
- የአጃ ዱቄት፣ እርሾ፣ የጤፍ ጭድ፣ ጥሬ የአፋር ጨው
- የማይክሮዎርም ዘርና የአርቴሚያ እንቁላል፤ ሁለቱም ለጫጩቱ ሕይወት ያለው ምግብ የሚሆኑ ናቸው፣ ቁጥር 1 ላይ አብራራቸዋለሁ። እነዚህን ሁለቱን ከሌላ ዓሣ አርቢ ወይም አዲስ አበባ ካሉ የዓሣ መሸጫዎች ታስመጣላችሁ። እስኪደርሱ ምንም አትጀምሩ።

1. የጫጩቱን ምግብ ከ14 ቀን በፊት ጀምሩ

አዲስ የተፈለፈለ የቤታ ጫጩት ከአንድ የዐይን ሽፋሽፍት አይበልጥም። ለትልልቆቹ የሚገዛው ምግብ ቢደቅቅም ለአፉ ይተልቃል፤ በዚያ ላይ ጫጩቱ የሚነክሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነው። ዝም ብሎ የተንሳፈፈ ዱቄት አጠገቡ ተቀምጦ ይራባል። ስለዚህ ሕይወት ያለው ምግብ በሦስት ደረጃ ይዘጋጃል።

ሀ. ኢንፉዞሪያ፣ ማለትም በዓይን የማይለዩ የውሃ ውስጥ ነፍሳት። አንድ እፍኝ የጤፍ ጭድ ለ10 ደቂቃ ቀቅላችሁ አቀዝቅዙ። ባለ 3 ሊትር የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ጨምሩትና ከቆየ የዓሣ ገንዳ በተቀዳ ውሃ ሙሉት። አሮጌ የማጣሪያ ስፖንጅ ካላችሁ አንድ ጊዜ ጨምቁበት፤ ዘሩ ያለው እዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውሃው ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል፤ ይሸታልም። ይህ የባክቴሪያ ጊዜ ስለሆነ አትድፉት። ከአምስተኛው ቀን በኋላ መጥራት ይጀምራል። ያን ጊዜ ማታ ከማሰሮው ጀርባ ባትሪ አብሩና በጎን ተመልከቱ፤ የጥዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ እንደሚታየው አቧራ የሚርመሰመስ ነገር ታያላችሁ። ምግቡ ያ ነው። ደሴ ላይ ማሰሮውን ቀዝቃዛ ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ሁለት ሳምንትም ይፈጃል፤ ሞቅ የሚለው የማቀዝቀዣው አናት ላይ አድርጉት። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ማሰሮ ጀምሩ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይደርሳል።

ጭዱ ፀረ አረም ከተረጨበት ማሳ የመጣ እንዳይሆን ባለቤቱን ጠይቁ። ጥርጣሬ ካላችሁ ጭዱን ትታችሁ የታጠበና የደረቀ የሰላጣ ቅጠል ተጠቀሙ። ከሐይቅ ወይም ከቦርከና ወንዝ ውሃ ቀድቶ መጨመር ደግሞ አቋራጭ ይመስላል፤ ከውሃው ጋር ግን ጫጩት የሚበሉ የነፍሳት እጮች ይገባሉ።

ለ. ማይክሮዎርም። በቁመት ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ቀጫጭን ትሎች ናቸው። የአጃ ዱቄት እንደ ወፍራም አጥሚት አድርጋችሁ አብስሉ፤ ሲበርድ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አፍስሱ። ቁንጥር እርሾ ነስንሱበትና አንድ ማንኪያ ዘር ጨምሩ። ክዳኑን በመርፌ ብሱት። በሦስት እስከ አምስት ቀን ትሎቹ በዕቃው ግድግዳ ላይ እንደ ላብ ሆነው ሲወጡ በጆሮ ጥጥ ጠርጋችሁ ትወስዳላችሁ። አጥሚቱን ሳትነኩ ግድግዳውን ብቻ ጥረጉ፤ አጥሚቱ ገንዳ ውስጥ ከገባ ውሃውን ያበላሻል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ዕቃ አዘጋጁ፤ አሮጌው ይኮመጥጣል።

ሐ. አርቴሚያ፣ የጨው ውሃ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ፍጥረት። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ጨው አሟሙታችሁ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እንቁላል ትጨምራላችሁ። ውሃው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሆኖ የአየር ፓምፑ ያለማቋረጥ ካናወጠው ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። ይህን አሁን አንድ ጊዜ ሞክሩት። እንቁላሉ አሮጌ ሆኖ የማይፈለፈል ከሆነ ዛሬ ማወቁ ጫጩት ከወጣ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

2. ጥንዱን መምረጥና ማጎልበት

ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 12 ወር የሆነ፣ መጠናቸው የተቀራረበ ወንድና ሴት ምረጡ። ወንዱ በጣም ከበለጣት ይጎዳታል፤ በጣም ካነሳት ደግሞ ሊያቅፋት አይችልም። ክንፈ አጭር ወንድ ከሴት ጋር ስለሚመሳሰል ሆዷ ሥር ያለችውን ነጭ ነጥብ ፈልጉ፤ እንቁላል የሚወጣባት ናት። ነጥቧ ከሌለች «ሴት ነው» ያላችሁን ሻጭ አትመኑ።

ሁለቱን በተለያየ ዕቃ፣ ሳይተያዩ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን በደንብ መግቡ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። የቀዘቀዘ የደም ትል፣ ማለትም ቀይ የውሃ ነፍሳት እጭ፣ ካገኛችሁ መልካም ነው። ካላገኛችሁ የጓሮ ትል አጥባችሁ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ አድቅቃችሁ ክተፉ። የሚፈለገው ፕሮቲን ነው፤ ሴቷ እንቁላል የምትሠራበት፣ ወንዱም ጎጆ ሲጠብቅ ለቀናት ስለማይበላ ስንቅ የሚሆነው።

የትንኝ እጭም ግሩም ምግብ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ከዚያ በታች ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ወባ ያለበት አገር ነው። እጭ ለማግኘት ብላችሁ ውሃ ከፍታችሁ አታቁሙ። ከተጠራቀመ ውሃ ያጠለላችሁትን እጭ በዕለቱ አብሉ፤ የተረፈውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉ።

3. የመራቢያውን አኳሪየም ማዘጋጀት

ውሃው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። በ60 በ30 አኳሪየም ይህ 20 ሊትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ የሚቀነስበት ምክንያት ሁለት ነው፦ እንቁላሉ ወደ ታች ሲሰምጥ ወንዱ ለመልቀም ሩቅ አይሄድም፤ ጫጩቱም ከጎጆው ሲወድቅ ተመልሶ ለመውጣት አይደክምም።

ጠጠር አታድርጉ። ነጩ እንቁላል ጠጠር መሃል ከገባ ወንዱ አያገኘውም፤ ትርፍ ምግብም እዚያው ይበሰብሳል። የተሰነጠቀውን የፎም ኩባያ ከማሞቂያው ራቅ ባለ ጥግ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር አጣብቁ፤ ወንዱ አረፋውን ከሥሩ ይሰበስባል። በሌላኛው ጫፍ የሴቷን መሸሸጊያ አብጁ። የሙዝ ቅጠሉን የፈላ ውሃ አፍስሱበትና የመዳፍ ያህል ቁራጭ ጨምሩ፤ ውሃውን እንደ ቀጭን ሻይ ያቀላዋል፣ በላዩም ጫጩት የሚለቅመው ረቂቅ ነገር ይበቅላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ዘይት አለው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። በሰፊ ባልዲ ሳትከድኑ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ የሚወርደው ድፍርስና ሽታው የበረታ ስለሆነ ያንን ለዓሣ አትቅዱ።

4. ሙቀት

ይህ ዓሣ የታይላንድ ነው፤ በሩዝ ማሳና በረጋ ሞቃት ውሃ ይኖራል። ለመራባት ከ27 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ለደሴ ሰው አልነግርም። ክፍሉ 14 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ማሞቂያው ውሃውን በ14 ዲግሪ ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት ማለት ነው። ለዚህ ነው ከላይ 75 ወይም 100 ዋት ያልኩት። 1,800 ሜትር ላይ ላለችው ኮምቦልቻ 50 ዋት ይበቃል።

አኳሪየሙን በሦስት ጎንና ከሥሩ በነጭ ፎም ሸፍኑት፤ ፊቱን ብቻ ለዓይን ተዉት። ፎሙ ማሞቂያው ሳያርፍ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ መብራት ሲጠፋም ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም። ማሞቂያውን አግድም አስተኝታችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ቆሞ ከተቀመጠ ጫፉ ከውሃ ይወጣና ይፈነዳል። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሌሊት አሠሩትና ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ቴርሞሜትሩን አንብቡ። የቀኑ ንባብ ያታልላል።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ አጥብቃችሁ ከድናችሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፉ። ጠርሙሱ እጃችሁ የሚችለው ያህል ብቻ ይሙቅ። ጫጩት ያለበት ገንዳ ከሆነ ከውጭ፣ በመስታወቱና በጋቢው መካከል ደርድሩ። የፈላ ውሃ በቀጥታ አትጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የከሰል ጭስ ከዓሣው በፊት እናንተን ይገድላል። የማሞቂያው ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንዲመለስ አድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ የውሃ ጠብታ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ መሬት ይንጠባጠባል። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊትም ነቅላችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ የጋለ ማሞቂያ አየር ሲነካው ይሰነጠቃል።

5. ማስተያየት

መጀመሪያ ወንዱን አስገቡና አንድ ቀን ይልመድ። ከዚያ የፋኖሱን መስታወት ገንዳው መሃል አቁማችሁ ሴቷን ውስጡ አድርጉ። አፉ ከውሃው በላይ ይሁን፤ ቤታ ከውሃው ላይ አየር ካልሳበ ይታፈናል። ወንዱ ያያታል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ አይደርስባትም። አንድ ወይም ሁለት ቀን በዚህ ይቆዩ።

የምትጠብቁት ሁለት ምልክት ነው። ወንዱ ከፎሙ ሥር አረፋ መሰብሰብ ይጀምራል። ሴቷ ሆዷ ሞላ ብሎ በጎኗ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ነጣ ያሉ መስመሮች ይታዩባታል፤ ይህ ተዘጋጅቻለሁ ማለት ነው። መስመሮቹ ከራስ እስከ ጅራት በርዝመት የሄዱ ከሆነ ግን ፈርታለች፤ አትልቀቋት። ይህን ልዩነት ሳያዩ መልቀቅ ነው ብዙ ሴቶችን ያስገደለው።

6. መልቀቅ

ማታ፣ መብራቱን ቀነስ አድርጋችሁ የፋኖሱን መስታወት ቀስ ብላችሁ አንሡ። የአየር ፓምፑን ዝጉ፤ የሚናወጥ ውሃ አረፋውን ይበትናል። ወንዱ ያሳድዳታል፣ ይነክሳታል፣ ክንፏ ይቀደዳል። ይህ የተለመደ ነው፤ ክንፉ ተመልሶ ያድጋል። ቅርፊቷ ከተላጠ ወይም ጥግ ይዛ ካልተንቀሳቀሰች ግን አውጧት።

አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይገናኛሉ። ሴቷ ራሷን ደፋ አድርጋ ወደ ጎጆው ትመጣለች፤ ወንዱ ጋቢ እንደሚደርብ ሰው ሰውነቱን በዙሪያዋ ይጠቀልላል። ለጥቂት ሰከንድ ሁለቱም ደርቀው ይቆያሉ። የመጀመሪያዎቹ እቅፎች ባዶ ናቸው። በኋላ እንቁላሉ ይወርዳል፤ በመጠንም በቀለምም ነጭ ጤፍ ነው የሚመስለው። ወንዱ ይለቃትና እየዋኘ ሳይወድቅ ይለቅመዋል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አረፋው ውስጥ ይተፋዋል። ሴቷ በዚህ ጊዜ እንደ ሞተች በጎኗ ትንሳፈፋለች። መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ ሞተች ብዬ መረብ አንሥቼ ነበር፤ ተንቀሳቅሳ እንደገና ወደ ጎጆው ሄደች። ሁሉም ነገር ለሰዓታት ይቀጥላል። አጠገባቸው አትመላለሱ፤ የደነገጠ ወንድ እንቁላሉን ይበላል።

በሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ካልተገናኙ ለዩአቸውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞክሩ።

7. ሴቷን ማውጣት

እቅፉ ሲያበቃ ወንዱ ከጎጆው ሥር ያባርራታል፤ እሷም ጥግ ይዛ ትቆማለች። ያኔ ከጎጆው ርቃችሁ በኩባያ ቀስ ብላችሁ አውጧት። ከቆየች ወይ እሱ ይገድላታል፣ ወይ እሷ እንቁላሉን ትበላለች። ተመሳሳይ ሙቀት ባለው ንጹሕ ውሃ፣ ጨለምለም ባለ ቦታ አሳርፏት።

ወንዱን አትመግቡ። የጣላችሁለት ምግብ ይበሰብሳል እንጂ አይበላውም።

8. መፈልፈልና ወንዱን ማውጣት

በ28 ዲግሪ እንቁላሉ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ጅራታቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ከአረፋው ሥር ይሰቀላሉ። የሚወድቀውን ወንዱ እያነሣ ይመልሳል፤ ሌሊትም ስለሚሠራ ትንሽ መብራት አብሩለት። በነዚህ ቀናት ሆዳቸው ላይ ካለው አስኳል ስለሚመገቡ ምንም አትስጡ።

ከተፈለፈሉ በሦስተኛው ቀን ገደማ አግድም ሆነው መዋኘት ይጀምራሉ። ይህን ባያችሁበት ሰዓት ወንዱን አውጡ። እስካሁን አባት ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚበተኑትን መሰብሰብ ሲያቅተው ሊበላቸው ይችላል።

9. አመጋገብ

አግድም ከዋኙበት ቀን ጀምሮ ቁጠሩ።

ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቀን፦ ኢንፉዞሪያ። ከማሰሮው መካከለኛ ክፍል፣ ከታች ካለው ዝቃጭ ሳይሆን፣ በሻሽ አጥልላችሁ በቀን ሦስት ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ ስጡ። መጀመሪያ ኩባያውን ገንዳው ውስጥ አንሳፍፋችሁ አሙቁት።

ከ3ኛው ቀን ጀምሮ፦ ማይክሮዎርም ጨምሩ። በጆሮ ጥጥ የጠረጋችሁትን ትንሽ ውሃ ውስጥ በጥብጡና በጠብታ ስጡ። ትሎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ጠጠር ስለሌለ ጫጩቱ ያገኛቸዋል።

ከ6ኛው ቀን ጀምሮ፦ አርቴሚያ። ፓምፑን አጥፉና የተፈለፈሉበት ጠርሙስ ይርጋ። የእንቁላሉ ቅርፊት ወደ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል፤ ፍጥረቶቹ ብርሃን ስለሚወዱ ባትሪ ባበራችሁበት በኩል ታች ላይ ብርቱካናማ ደመና ሆነው ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ሳቧቸው፣ በሻሽ አጥልላችሁ ጨው በሌለው ውሃ እጠቡ፣ ስጡ። የበላ ጫጩት ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ በመስታወቱ በኩል ይታያል። ቀለም የሌለው ሆድ ያልበላ ሆድ ነው። ከዚህ የተሻለ መቆጣጠሪያ የለም።

እስከ ሁለተኛው ወር በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጡ። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ የደቀቀ የዓሣ ምግብ በትንሹ አለማምዱ።

10. ውሃና አየር

በመጀመሪያው ሳምንት የገንዳውን ወለል ብቻ በቀጭኑ የአየር ቱቦ ጥረጉ፤ የምታወጡት ውሃ ከአንድ ሊትር አይብለጥ። ባልዲው ነጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ተስቦ የወጣ ጫጩት ይታያችኋል። ምትኩን ውሃ በተመሳሳይ ሙቀት በጠብታ መልሱ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ያህሉን ቀይሩ፤ ጥልቀቱንም ቀስ በቀስ አሳድጉ።

በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትልልቆቹ ቤታዎች ከላይ አየር ስለሚስቡ አይጎዱም፤ ጫጩቶቹ ግን ገና በስንጥባቸው ብቻ ነው የሚተነፍሱት። ወንዱ እንደወጣ የስፖንጅ ማጣሪያውን አስገቡና አረፋው አንድ በአንድ እንዲወጣ አድርጋችሁ አስተካክሉ። የበረታ ከሆነ ጫጩቱን ያንገላታዋል።

ደሴ ላይ ብዙ ጫጩት የሚያልቅበት ሌላው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው። አየር የሚስቡበት አካል በጭንቅላታቸው ውስጥ የሚበቅለው ያኔ ነው፤ ወደ ላይ ወጥተው የመጀመሪያውን አየር ይስባሉ። ውሃው 27 ሆኖ ከላይ ያለው አየር 15 ዲግሪ ከሆነ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ከክዳኑ ሥር ስስ ላስቲክ ወጥራችሁ በአንድ ጥግ ጣት የምታስገባ ክፍተት ብቻ ተዉ። ላስቲኩ ውስጡ ጤዛ ከያዘ አየሩ ሞቅቷል።

አየር ይስባሉ ካልን ጭስም ይስባሉ። ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል አይሆናቸውም። እናቴ ቡናዋን ከአኳሪየሙ ክፍል አውጥታ በረንዳ ላይ እንድታፈላ ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ የፈቀደችውም ጫጩቶቹን በባትሪ ካሳየኋት በኋላ ነው። የትንኝ መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ገንዳውን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ ወይም ያን ቀን ይቅር።

11. መለየት

ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ወንዶቹ ክንፋቸው ይረዝማል፣ እርስ በርስ ክንፍ መዘርጋት ይጀምራሉ። የተቀደደ ክንፍ ባያችሁ ቀን ሌሊት ሳታሳድሩ ለዩ። ለእያንዳንዱ ቢያንስ ባለ 2 ሊትር ማሰሮ፣ አፉ በወንፊት ጨርቅ የታሰረ፤ ቤታ ይዘላል። ለ15 ማሰሮ 15 ማሞቂያ አይገዛም፦ ማሰሮዎቹን ሰፊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ደርድሩ፣ ሳፋውን እስከ ማሰሮው ሁለት ሦስተኛ ድረስ ውሃ ሙሉ፣ አንድ ማሞቂያ ሳፋው ውስጥ አስተኙ። ሴቶቹ በአንድ ገንዳ ሊቆዩ ይችላሉ።

የተረፋችሁን ለሌላ አርቢ ስጡ እንጂ ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ የትኛውም ወንዝ አትልቀቁ። የአገሩ ዓሣ ያልሆነ ፍጥረት ወይ ይሞታል፣ ወይ በሽታ ያዛምታል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

የእንቁላል አስኳል። ቀቅሎ በሻሽ ጨምቆ መስጠት ሁሉም የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ እኔም ያደረግሁት ነው። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ጫጩቶቼ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ወተት መስሎ፣ ሽታው ከበር እየተቀበለኝ አልቀው አገኘኋቸው። ሌላ ምንም በሌለበት ቀን፣ አንዲት ጠብታ፣ ከሰዓት በኋላም ወለሉን ጠርጎ፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ በጠብታም አይሞከርም።

«ወንዱ እንቁላሉን በላው።» መጀመሪያ የሚወልድ ወንድ ይህን ያደርጋል። አብሽሩ፤ ሁለት ሳምንት አሳርፋችሁ መግቡትና ድገሙት። በሦስተኛውም ከበላ ሌላ ወንድ ፈልጉ። ነጭ ጥጥ የመሰለ እንቁላል ሲያወጣ ካያችሁት ግን ያልተፀነሰውን እየለየ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ተዉት።

ገንዳውን አጥቦ ማንጻት። ጫጩት ያለበት ገንዳ መስታወቱ አረንጓዴ ቢሆን አይጎዳም፤ እዚያ ላይ የሚበሉት አለ። የሚጎዳው ታች የተኛው ትርፍ ምግብ ነው። ሳሙና የነካው ባልዲ፣ ሳሙና የነካው እጅ አይግባ።

ጫጩቶቹ እኩል አያድጉም። በአንድ ወር አንዱ የሌላው ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ትልልቆቹም ምግቡን ይሻማሉ፣ የትንንሾቹን ጅራት ይነክሳሉ። ሰዎች «ትንንሾቹ ደካማ ናቸው» ብለው ይተዋቸዋል። በሁለተኛ ዕቃ ብቻቸውን አድርጋችሁ አርቴሚያ በደንብ ስጧቸው፤ አብዛኞቹ በሦስት ሳምንት ይደርሳሉ። ጀርባቸው የጎበጠውንና አግድም መዋኘት ያቃታቸውን ግን ለይታችሁ ለመራቢያ አታስቀሩ።